በታብሌት የከበሮ ምት መሥራትና ማናበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በሠርግና በመዝናኛ ቤት የሚጫወቱ፣ እንዲሁም ቤታቸው ውስጥ የሚሞክሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው እነሆ። ማናበብ የምለው ሁለትና ከዚያ በላይ መሣሪያዎች በአንድ ምት አብረው እንዲሄዱ ማድረግን ነው።

ምት ለመሥራት ምን ዓይነት ታብሌት ያስፈልጋል?

ለመጀመር በእጅዎ ያለው ይበቃል። በታብሌቶች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ጣትዎ መስታወቱን ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ድምፁ እስኪወጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። አይፓድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ መዘግየት ስለሚያንስበት ሙዚቀኞች ይመርጡታል፤ አንድሮይድም እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ስምንተኛ እትም ወዲህ መዘግየትን የሚቀንስ አዲስ የድምፅ መንገድ ቢያገኝም ውጤቱ ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ያገለገለ ታብሌት ሲገዙ ሻጩ ፊት አንድ የከበሮ መተግበሪያ ከፍተው በሁለት ጣት በፍጥነት ይምቱበት። ድምፁ ከጣትዎ ኋላ ኋላ የሚጎተት ከሆነ ለመደርደር፣ ማለትም ምቱን አስቀድሞ በሳጥን ላይ ለማስቀመጥ፣ ያገለግል ይሆናል እንጂ በቀጥታ ለመጫወት አይሆንም።

የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እንዳለውም ይመልከቱ። በርካታ አዳዲስ ታብሌቶች ይህ ቀዳዳ የላቸውም፤ ያለ እሱ ደግሞ በገመድ ከሚክሰር ጋር ለመገናኘት ተጨማሪ ማገናኛ መግዛት ግድ ይሆናል።

የትኛውን መተግበሪያ ልምረጥ?

አይፓድ ካለዎት በነጻ የሚገኘው ጋራዥባንድ ለአንድ ዓመት ያህል ሌላ ነገር አያስመኝም። በአንድሮይድ በኩል ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ሞባይል የሚከፈልበት ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኮዋላ ሳምፕለር የራስን ድምፅ ቀድቶ ምት ለመሥራት እጅግ ቀላል ነው፤ ባንድላብ ነጻ ነው፣ ነገር ግን ሥራዎን በኢንተርኔት በኩል ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ በማይገኝበት ቀን ሊተማመኑበት አይገባም። ከውጭ አገር መተግበሪያ በካርድ መግዛት ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በፍላሽና በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ክራክ የተደረጉ ቅጂዎች በሠርጉ መካከል ሲዘጉ ስላየሁ ለማንም አልመክራቸውም።

ቢፒኤም ምንድን ነው? የአንድን ዘፈን ፍጥነትስ እንዴት አውቃለሁ?

ቢፒኤም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ምት እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው። 60 ከሆነ በየሴኮንዱ አንድ ምት፣ 120 ከሆነ ደግሞ በየግማሽ ሴኮንዱ አንድ ምት ይመታል ማለት ነው። ዘፈኑን ከፍተው በእግርዎ እየመቱ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ያለውን ቁጥር ይያዙና በሁለት ያባዙት። አብዛኞቹ መተግበሪያዎችም በጣት እየነካኩ ፍጥነቱን የሚያስይዙበት ቁልፍ አላቸው፤ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ካልነኩት ግን የሚሰጠውን ቁጥር አይመኑት።

የመጀመሪያ ምቴን እንዴት ልደርድር?

አብዛኛው የከበሮ መተግበሪያ 16 ሳጥኖች በመደዳ ያሉበት ገጽ አለው። መደዳው አንድ ሙሉ ባር፣ ማለትም አብረው የሚቆጠሩ አራት ትልልቅ ምቶች ነው፤ በእያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ አራት ሳጥኖች አሉ። ወፍራሙን ድራም በ1፣ በ5፣ በ9 እና በ13፣ ስኔሩን (ስል ድምፅ ያለውን ድራም) በ5 እና በ13፣ ሃይሃቱን (ጥንዱን የብረት ሳህን) ደግሞ በጎዶሎ ቁጥሮቹ ሁሉ ላይ ቢያበሩ የሚጨፈርበት ምት አገኙ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እያጠፉ ይስሙ፤ ጀማሪ የሚማረው ከመጨመር ይልቅ ከመቀነስ ነው።

የእኛ የጭፈራ ምት በ16ቱ ሳጥኖች አልገባ የሚለኝ ለምንድን ነው?

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የሳጥኖቹ ቁጥር ነው። 16ቱ ሳጥኖች እያንዳንዱን ትልቅ ምት ለሁለትና ለአራት ይከፍሉታል፤ ችክችካ የምንለው፣ በጎጃም እስክስታ ትከሻው የሚከተለው ምት ግን እያንዳንዱን ትልቅ ምት ለሦስት ይከፍላል። አራት ትልልቅ ምቶች ለሦስት ለሦስት ሲከፈሉ 12 ይሆናሉና የሚያስፈልግዎ ባለ 12 ሳጥን መደዳ ነው። በ16ቱ ላይ ተለጥጦ የገባ ችክችካ ከሩቅ ልክ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን ያነክሳል፤ ጭፈራ አዋቂ ምክንያቱን ባያስረዳዎት እንኳ ትከሻው እምቢ ይላል።

ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባሩን በ4/4 (እያንዳንዱ ትልቅ ምት ሩብ ኖታ በሚባልበት፣ አራት ምት ባለው ባር) ትቶ የሳጥኖቹን አከፋፈል ወደ ሦስትዮሽ፣ ማለትም ትሪፕሌት ወደሚባለው መለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ባሩን ራሱን 6/8 (የሩብ ኖታ ግማሽ የሆኑ ስድስት ኖታዎች በሁለት ትልልቅ ምቶች የተከፈሉበት) ማድረግ ነው። ጋራዥባንድ በአይፓድ ላይ 4/4፣ 3/4 እና 6/8 ያስመርጣል። ፓተርኒንግ የሚባለው የአይፓድ መተግበሪያ ደግሞ ምቶቹን በክብ ላይ ስለሚያሰፍርና ለእያንዳንዱ ክብ የፈለጉትን ያህል ሳጥን ስለሚሰጥ ለእኛ ምት የተሠራ ያህል ይመቻል። ለጀማሪ የምሰጠው መነሻ ይህ ነው፦ የከበሮውን ሰፊ ጎን በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10 ያስቀምጡ፤ ጠባቡን ጎን ለስለስ አድርገው በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ይጨምሩ፤ ጭብጨባውን በ4 እና በ10 ያስገቡ። የቀረውን ጆሮዎ ይጨርሰው።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ብዙዎችን የሚያሳስት ወጥመድ አለ። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ቢፒኤምን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ሲሆን፣ በ6/8 ውስጥ እግራችን የሚመታው ትልቅ ምት ግን አንድ ሩብ ተኩል ነው። በመሆኑም እግርዎ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታው ያው አንድ ምት በ4/4 ሦስትዮሽ ሲሠራ 120፣ በ6/8 ሲሠራ ደግሞ 180 ተብሎ ይጻፋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ከእግር ጋር ስለሚስማማ ከሌላ መሣሪያ ጋር ለማናበብም ይቀላልና። የትኛውንም ቢመርጡ ግን አብራችሁ የምትጫወቱ ሁሉ «አንድ ምት» የምትሉት የትኛውን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ ከየት አገኛለሁ?

ከጎረቤት። በመተግበሪያዎቹ ውስጥ «አፍሪካ» ተብለው የተቀመጡት ድምፆች በአመዛኙ የምዕራብ አፍሪካ ከበሮዎች ናቸው፤ አንዱ ጎኑ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ በጠፍር የተወጠረው የእኛ ከበሮ በውስጣቸው ብዙ ጊዜ አይገኝም። በየሰፈሩ ለሠርግና ለበዓል የሚመታ ከበሮ ስላለ እሱን ተውሶ መቅዳት ይሻላል። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ግን ንዋየ ቅድሳት ነውና ለዚህ ሥራ አይጠየቅም።

ደብረ ማርቆስ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ የቀዳሁት እንዲህ ነው። በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅዬ ከበሮውን በመካከላቸው አስቀመጥሁ፤ ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ስለሚወረውር ጋቢው ያንን ይውጥልናል። ታብሌቱን ከቆዳው አንድ ክንድ ያህል አርቄ በትራስ ላይ አጋደምሁት፤ ከዚያ ሲቀርብ ቀዩ ምልክት እየበራ ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር። ወሩ ሐምሌ ስለነበረ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ ነበረብኝ፤ እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላውም ከበሮውን ከምድጃው ዳር አስጠግቼ ካሞቅሁት በኋላ ነው ወደ ድምፁ የተመለሰው። ሰፊውን ጎን በመዳፍ መሐሉን፣ ከዚያም ጠርዙን፣ ጠባቡን ጎን በጣቶች፣ በመጨረሻም በሌላው እጅ አፍኜ፣ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ መታሁ። አራት ጊዜ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ቅጂ ብቻ ሲደጋገም ጆሮ ማሽን መሆኑን ወዲያው ይነቃበታል።

ከቀዱ በኋላ ከእያንዳንዱ ድምፅ መነሻ ላይ ያለውን ዝምታ ቆርጠው ይጣሉ። 20 ሚሊሴኮንድ (አንዱ ሚሊሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው) ዝምታ ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን ያ ድምፅ በተመታ ቁጥር በ20 ሚሊሴኮንድ ይዘገያል። «ምቴ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይጎተታል» እያሉ ከሚመጡ ወጣቶች መካከል የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው።

የሠራሁት ምት ለምን ድርቅ ይላል?

ሁሉም ምት እኩል ስለተመታና ሁሉም በሳጥኑ ልክ መስመር ላይ ስላረፈ ነው። የአንዳንዶቹን ጉልበት ይቀንሱ፤ በተለይ በትልልቆቹ ምቶች መካከል ያሉት ደከም ይበሉ። በጣት ከተጫወቱ በኋላ መተግበሪያው ወደ መስመሩ እንዲመልስልዎ ሲያዝዙት ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል እንዲመልስ ያድርጉ። ስዊንግ የሚባለውን ማዞሪያ ግን በሦስትዮሽ በተሠራ ችክችካ ላይ አይንኩት፤ ሁለትዮሹን ወደ ሦስትዮሽ ለማዘንበል የተሠራ ስለሆነ በዚያ ላይ መጨመሩ ማበላሸት ነው።

በብሉቱዝ ስፒከር ብጫወት ምን ችግር አለው?

የብሉቱዝ ድምፅ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ ተፈቶ እስኪወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። በ120 ፍጥነት የሚሄድ ችክችካ ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ ንዑሳን ምቶች የአንዱ ርዝመት 167 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚወጣ ከበሮ አንድ ሙሉ ንዑስ ምት ዘግይቶ ሌላ ምት ሊሆን ይችላል።

ከዓመታት በፊት በጥር ወር፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ ቀበሌ በተደገሰ ሠርግ ላይ ገመዴን ረስቼ ታብሌቱን ከሞንታርቦው ጋር በብሉቱዝ አገናኝቼ በጣቴ ስመታ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ማሲንቆ ተጫዋች ሁለት ዘፈን ታግሠው «ልጄ፣ ይህ ዕቃህ የሚመልስልኝ እኔ ካለፍሁ በኋላ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከጎረቤት አንድ አጭር ገመድ ተገኝቶ ነገሩ ተስተካከለ። ብሉቱዝ ጨርሶ አይሆንም ማለቴ አይደለም፤ ተደርድሮ ያለቀ ምት ብቻውን የሚጫወት ከሆነና ሁሉም ሰው ከዚያው ስፒከር እየሰማ የሚከተል ከሆነ መዘግየቱን የሚያውቅ የለም። ችግር የሚፈጠረው በጣት ሲመታ፣ ወይም አንዱ ድምፅ በገመድ ሌላው በብሉቱዝ ሲወጣ ነው።

በገመድ ተገናኝቶም መዘግየት ካለ በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ በፈር የሚባለውን (ታብሌቱ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ይቀንሱ፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ልኬት) ሲወሰድ 256 በፈር 6 ሚሊሴኮንድ ገደማ፣ 1,024 ደግሞ 23 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። በጣም ሲቀነስ ድምፁ መንጣጣት ይጀምራልና ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። አየሩም ራሱ ያዘገያል፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለሚወስድበት በረጅም ዳስ ውስጥ ከሞንታርቦው 30 ሜትር ርቆ የሚያጨበጭብ ሰው 90 ሚሊሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ ነው። ከእሱ ጭብጨባ ጋር ለመሄድ አይሞክሩ።

ሁለት ታብሌቶችን ያለ ኢንተርኔት ማናበብ ይቻላል?

ይቻላል። ኤብልተን ሊንክ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ ጀምሮ በርካታ የሙዚቃ መተግበሪያዎች አስገብተውታል፤ የሚፈልገውም ኢንተርኔትን ሳይሆን መሣሪያዎቹ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ብቻ ነው። ኔትወርክ በጠፋበት ቦታ እንኳ ከአንዱ ስልክ ሆትስፖት ከፍተው ሁለቱን ታብሌቶች ያገናኙበት፤ ከዚያም በሁለቱም መተግበሪያዎች ውስጥ ሊንክ የሚለውን ያብሩ። አይፓድ «ይህ መተግበሪያ በአካባቢው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን ይፈልግ?» የሚል ፈቃድ ሲጠይቅ «አይ» ብለው ከነበረ ታብሌቶቹ አይተያዩምና ወደ ማስተካከያው ገብተው ይፍቀዱለት።

ሊንክ አለቃና ምንዝር የለውም፤ ማንኛውም ተሳታፊ ፍጥነቱን ሲለውጥ የሁሉም ይለወጣል። ይህ በልምምድ ጊዜ ደስ ይላል፣ በሠርግ ላይ ግን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ስልክ እንዳይደወል ብለው ታብሌቱን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ የሚያደርጉ ከሆነም ዋይፋዩን መልሰው ማብራትዎን አይርሱ።

ኪቦርዴ ሊንክ የለውም፤ እንዴት ላናብበው?

በሚዲ ክሎክ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ ትእዛዝ በሚለዋወጡበት በሚዲ በኩል በሚላክ የጊዜ ትርታ። ሚዲ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ስምምነት በመሆኑ የቆዩ ኪቦርዶችም ብዙውን ጊዜ ያውቁታል። እዚህ ግን አለቃ ያስፈልጋል፦ አንዱ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሩብ ኖታ 24 ትርታ ይልካል፣ ሌላው እየቆጠረ ይከተላል። ታብሌቱን ላኪ፣ ኪቦርዱን ተቀባይ አድርገው በኪቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ክሎኩን ወደ «ውጭ» ወይም «ኤክስተርናል» ይለውጡት። ሁለቱም ላኪ ከሆኑ ይጣላሉ፤ ሁለቱም ተቀባይ ከሆኑ ደግሞ ዝም ብለው ይተያያሉ። በገመድ ማገናኘት ከገመድ አልባው የተሻለ ጽኑ ነው።

ታብሌቶቹ ተናበዋል፣ ቁጥሩም አንድ ነው፤ ምቱ ግን ለምን ይጋጫል?

ከሁለት ምክንያቶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ከላይ ያነሣነው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አንደኛው ታብሌት ችክችካውን በ4/4 ሦስትዮሽ በ120፣ ሌላው በ6/8 በ180 ሠርቶት ከሆነ፣ ሊንክ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ በ120 ቢስማሙ ሁለተኛው ከሚገባው በአንድ ሦስተኛ ይዘገያል፣ በ180 ቢስማሙ ደግሞ የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ተኩል ይፈጥናል። ይህን የሚያስተካክል ቁልፍ የለም፤ አንዱ ምቱን በሌላው አቆጣጠር እንደገና መደርደር አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የዙሩ ርዝመት ነው። ሊንክ መሣሪያዎቹን በምት ብቻ ሳይሆን የዙሩ መጀመሪያ የት እንደሆነ በማሳወቅም ያናብባል፤ ዙሩ ስንት ምት እንደሆነ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ መተግበሪያ ለራሱ ነው። በአንዱ 4፣ በሌላው 3 ከሆነ ምቶቹ ገጥመው ሳሉ ባሮቹ የሚገናኙት በየ12 ምቱ ብቻ ነው። በመካከል ያለው ሁሉ አንዱ «አንድ» ሲል ሌላው «ሁለት» ወይም «ሦስት» የሚልበት ነው። በሁለቱም ላይ ቁጥሩን እኩል ያድርጉ፤ 6/8 ባር በሩብ ኖታ ሲቆጠር 3 መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ወይም ዘፋኙ ክሊክ (ፍጥነቱን የሚጠቁመውን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ) አልከተል ቢሉስ?

አያስገድዷቸው። ግጥም የሚፈጥር አዝማሪ ስንኙ እስኪሞላለት ድረስ ምቱን ይይዛል፣ ሰሙ ሲወጣለት ይለቅቃል፤ ታብሌት ደግሞ መጠበቅ አያውቅም። በመሆኑም መግቢያውንና ነጻ ስንኞቹን ያለ ከበሮ ይተዉላቸው፤ ጭፈራው ሲነሣ ብቻ ምቱን ያስገቡ። በዚያን ጊዜም በጆሯቸው ውስጥ የሚያንኳኳ ክሊክ ከመስጠት ይልቅ ራሱን የቀዱትን የከበሮ ድምፅ ይስጧቸው፤ ክሊክን የሚጠላ ሰው ከበሮን ሳያስበው ሲከተል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጭፈራው እየጋለ ሲሄድ ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሁለት ቢፒኤም እየጨመሩ ይከተሉ፤ ከዘፈኑ ጋር ይፈጥናል እንጂ ማንም መጨመርዎን አያስተውልም።

ወደ ስቱዲዮ የላክሁት ምት እዚያ ሲከፈት ፍጥነቱም ቅኝቱም ለምን ተለወጠ?

በሴኮንድ የሚወሰደው የናሙና ቁጥር ስላልተጣጣመ ነው። ታብሌትዎ በ44,100 የሠራውን ፋይል ስቱዲዮው በ48,000 እንደተሠራ አድርጎ ካጫወተው ፋይሉ ወደ 8.8 በመቶ ይፈጥናል፤ 120 የነበረው ከ130 በላይ ይሆናል፣ ድምፁም አንድ ተኩል ሴሚቶን (አንዱ ሴሚቶን በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የተቀዳ ማሲንቆ ካለ ከክራሩ ጋር ሊስማማ አይችልም። ከመላክዎ በፊት በየትኛው ቁጥር እንደሚሠሩ ይጠይቁና ፕሮጀክቱን ገና ሲጀምሩ በዚያው ላይ ያድርጉት።

ፋይሉንም በኤምፒ3 ሳይሆን ሳይጨመቅ በሚቀመጠው በዋቭ ይላኩ። ኤምፒ3 ሲጨመቅ በመነሻው ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር ምቶቹ ከሌላው ጋር ሲደራረቡ ይንሸራተታሉ። ዋቭ በ44,100 እና በ16 ቢት ስቴሪዮ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ በስልክ ዳታ ከመላክ በፍላሽ አድርጎ በመኪና መላኩ የሚቀልበት ጊዜ አለ። ሰፊውን ጎን፣ ጠባቡን ጎንና ጭብጨባውን በየብቻ ያውጡ፤ ጭብጨባው የሚገባው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቢሆን እንኳ ሁሉም ፋይሎች ከዜሮ ይጀምሩ። በስማቸውም ላይ ፍጥነቱንና አቆጣጠሩን «ሰፊ ጎን 120 ሦስትዮሽ» ብለው ይጻፉበት።